የባለመስታወቱ ወሬ

ጥር 27

ለታናሽ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን የአውቶቡሱ ሹፌር አደረሰልኝ። ሰላምታህ አንድ መስመር፣ ለቅሶህ ሁለት ገጽ ነው። ጤንነትህንም ከመጨረሻው ጠርዝ ላይ ተጨምቆ አገኘሁት፤ ቢሆንም ተመስገን። እኔ ደህና ነኝ። እመጣለሁ ብዬ ስለቀረሁ አትቀየመኝ፣ ፈቃድ ከለከሉኝ። አባባንም በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቅልኝ።

«ምን ይሻለኛል?» ላልከው፣ መጀመሪያ መደንገጡን ተው። አውቶቡስ ተራው ጋ ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ የልብስ ሱቅ ተከፈተ ማለት የአባባ ስፌት ቤት ተዘጋ ማለት አይደለም። የዚያን ሰፈር ተማሪ ስናለብስ የኖርነው እኛ ነን። ችግሩ አንተ የጻፍክልኝ ሁሉ ወሬ ነው። «ሰው ወደዚያ ይጎርፋል አሉ» ትላለህ። ማነው ያለው? ጎርፎስ ምን ገዝቶ ወጣ?

እኔ እዚህ ሳሙና ፋብሪካ እንጀራ የምበላው ሌሎች ሳሙና ሻጮች ምን እንደሚያደርጉ በማየት ነው። ምስጢር የለውም። ሰው ሲፈራ ብቻ ሄዶ ያያል፣ ሲረጋጋ ይተወዋል፤ ጥፋቱ እሱ ነው። ፊት እንደ መታጠብ ነው፣ ቆሸሸም አልቆሸሸም ትታጠባለህ። ሳምንት በሳምንት፣ በዚያው ቀን፣ ያንኑ ጥያቄ ይዘህ ሂድ። ምን ሰቀሉ፣ ምን አወረዱ፣ ማን ገባ፣ ማን ባዶ እጁን ወጣ፣ ካለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ። ሥራ ቀዝቀዝ የሚለው ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ይሁን። ያመጣኸውን በስልክ አትንገረኝ፣ የስልክ ወሬ ይተናል። ጻፍልኝ፤ ወረቀት ካለፈው ወረቀት ጋር ይተያያል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። እንዳትሰንፍ።

እህትህ


የካቲት 19

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ሄጃለሁ። አይ፣ አልተሳካም። አዎ፣ አፍሬ ነው የተመለስኩት። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጎረቤት! ልካችንን ልትወስድልን ነው?» ብሎ የመንገዱን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ቁልፍ ሰፊዋን ላክኋት። እሷን ታውቂያታለሽ፤ የእነሱን ወሬ ታመጣለች ስል የእኛን እዚያ አራግፋ፣ ሻርፕ ገዝታ መጣች። «ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው» አለች። ሪፖርቷ ይኸው ነው።

በእሷ ስንስቅ አባባ ከወንበራቸው ሆነው «እኔ ልሂድ» አሉ። የስፌት መኪናውን ለእኔ ካስረከቡ ወዲህ መስፋቱን እርግፍ አድርገው ትተውታል፣ ወገቤን ነው ይላሉ። በር ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ማዳመጥ ነው ሥራቸው። «አሮጌ ሰፊ አዲስ ሰፊን ሰላም ቢል ምን ነውር አለበት?» አሉኝ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሲወጡ ብታያቸው ሠርግ የተጠሩ ይመስሉ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ የሚሄዱበት አግኝተዋል።

ይኸውልሽ የመጀመሪያው ወሬ። ባለመስታወቱ ወንበር አውጥቶ አስቀምጧቸዋል። የተሰቀለ ሱሪ ገልብጠው ውስጡን ዳሰሱት። ስፌቱ ሰፋፊ ነው፣ ክሩ ይከረክራል፣ ገበሩ ስስ ነው። እሳቸው በተቀመጡበት ጊዜ የገባው ሰው እፍኝ አይሞላም። «ልብስ ፊቱ ይዋሻል፣ ሆዱ ግን አይዋሽም» አሉኝና ሬዲዮአቸውን ከፈቱ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ እትዬ። እኔ ምን እንዳይ እንኳ አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞም ይሄዳሉ። እኔ እንኳ ባልጠይቃቸው ራሳቸው ቀኑን ይቆጥራሉ።

ወንድምሽ


መጋቢት 15

ወንድሜ፣

በቁልፍ ሰፊዋ ሳቅ ገደልከኝ። አባባ መሄዳቸው ግን ልቤን አሳርፎታል። ማን ይጠረጥራቸዋል? እሳቸውም ቤት ተቀምጠው ከሚያረጁ ይሻላቸዋል።

«እስከ መቼ?» ብለሃል። እስከ መቼም። ልማድ ካልሆነ ዋጋ የለውም። አንድ ማክሰኞ የታጠፈ ቀን ሁለተኛው ራሱ ይታጠፋል። ገበያው ደግሞ ባለመስታወቱ ብቻ አይደለም። ክረምት ሳይገባ የትምህርት ቤቶቹን ደጅ ርገጥ፣ ኃላፊዎቹን አነጋግር። የጨርቅ አከፋፋዩንም የትኛው ጨርቅ እየተሸጠለት እንደሆነ ጠይቀው። ይህን አባባ አይሠሩልህም፣ ያንተ ነው።

ወገባቸውን ደግሞ ለምን ሐኪም አታሳያቸውም? መቼም አንተ እኔ ካልጨቀጨቅኩህ ምንም አታደርግም።

በቅርቡ መምጣቴ ነው። ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

እህትህ


ሚያዝያ 30

እትዬ፣

ሰላም ነሽ? ፈቃድሽ አለመሳካቱን ሹፌሩ ነገረን። አባባ «ሥራዋን ትያዝ» ነው ያሉት፣ ስለዚህ አትጨነቂ።

«ሐኪም ጋ ወሰድካቸው ወይ» ላልሽው፣ እምቢ ብለዋል። «ወገብ የሚድነው በሐኪም ነው? እድሜ ያመጣውን ሐኪም አይመልሰውም» አሉ። እኔም ተውኳቸው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እንዴት እንደሚሄዱ ስላየሁ የታመመ ሰው አልመሰሉኝም።

«ትምህርት ቤቶቹስ» ላልሽው ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አልሄድኩም። ምን አስኬደኝ? ወሬው ሁሉ ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል። ባለመስታወቱ ቁልፉን ወደ ርካሹ ለውጧል፣ አባባ በጣታቸው ነክተው አውቀዋል። ዘበኛው ተቀይሯል፣ አዲሱ ሳል አለበት። ከጓዳው የሚሰማው አንድ መኪና ብቻ ነው፣ እሱም ዘይት ጠምቶት ይጮኻል። ጨርቁም ያው እኛ የምንገዛው ጨርቅ ነው፣ ድሩም ማጉም አልተለየም። «ክረምትን አይሻገርም ሰውዬው» ብለውኛል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልሽ። ባለፈው ሳምንት ግንባራቸው አብጦ መጡ። የባለመስታወቱን በር ገጭተውት ነው! «ምን ላድርግ፣ ሥራ ሲያጣ መስታወቱን ሲወለውል ይውላል፣ ያለ አይመስልም» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ቁልፍ ሰፊዋ እስካሁን ትስቃለች።

ወንድምሽ


ሰኔ 12

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ከወትሮው አጭር ነው፣ ጥያቄህ ግን ትልቅ። «ለሁሉም ትምህርት ቤት የሚሆን ጨርቅ አሁን ልግዛ ወይስ እንደ አምናው ጥቂት በጥቂት?»

ደብዳቤዎችህን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ከየካቲት ጀምሮ ማክሰኞ አልጎደለም። የእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ትጋት የለውም። ሰውዬው እየወረደ ነው፣ ደንበኛው ጥቂት ነው፣ መኪናው አንድ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ይዘህ ካልገዛህ መቼ ልትገዛ ነው? ግዛ። ሲዘጋ የእሱም ደንበኛ ወዳንተ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ጨርቅ የለኝም ልትል ነው?

ብቻ አንዴ አባባን ጠይቃቸው። መስኮቱ ላይ ለተማሪ ብሎ የሰቀለው ቀለም ምንድነው? ለጥንቃቄ ነው።

እህትህ


ሐምሌ 20

እትዬ፣

ገዛሁ። ጥቁር ሰማያዊው ጣቃ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ስፌት ቤቱ መጋዘን መስሏል፤ በጎን ነው የምናልፈው። አባባንም እንዳልሽኝ ጠየቅኋቸው። ሬዲዮአቸውን ከፍ አደረጉና «ያው ነው፣ የዱሮው ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ» አሉኝ። ቀና ብዬም አላየኋቸው፣ እየቆረጥኩ ነበር።

ሌት ተቀን እንሰፋለን። ሌላ የምጽፈው የለኝም፣ እጄ ደንዝዟል። ደስ ብሎኛል ግን።

ወንድምሽ


መስከረም 9

እትዬ፣

ስልኩን ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። «ምነው ጠፋህ» ብለሽ ሦስት ሰው ልከሻል፣ ይቅርታ። ስልኩ ያለው አባባ ፊት ነው፣ የምልሽ ደግሞ እሳቸው ፊት የሚባል አይደለም።

የተማሪዎቹ ልብስ ቀለም ተቀይሯል። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ወደ ወይን ጠጅ ተዛውረዋል። ተስማምተው የወሰኑት በሚያዝያ ነው፣ ጨርቁንም ያቀረበላቸው ባለመስታወቱ ነው። ምዝገባ ሲጀመር ወላጆች እየመጡ የሰፋነውን አገላብጠው ያስቀምጡታል። አንዲት እናት «ይሄ እኮ የአምናው ነው» አለችኝ፣ አዝናልኝ።

ሮጬ ሄድኩ። ዘበኛውን ከምንም አልቆጠርኩት። እትዬ፣ መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር ወይን ጠጅ ነው! ከግንቦት ጀምሮ እንደዚያ እንደተሰቀለ ነገሩኝ። ሱቁ በሰው ታጭቋል። ዓይን ያለው ሰው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያየዋል።

ተመልሼ አባባ ላይ ጮህኩባቸው። በሠራተኞቹ ፊት፣ በደንበኛ ፊት። «ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ተጎልተው ምን ሲያዩ ነበር?» አልኳቸው። ሬዲዮውን ዘጉት። «አላየሁም» አሉ። «ካየሁ ቆይቷል ልጄ። የበሩን ብርሃን ብቻ ነው የማየው፣ እሱም ፀሐይ ሲሆን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። መቀሱን ፊታቸው ድረስ አስጠጋሁት፣ አልሸሹም። ቁልፍ ሰፊዋ ጮኸች። ያኔ ገባኝ።

«ግዛ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» ልል ነበር፣ ተውኩት ብዬ ነበር፣ ይኸው አልኩት። ምን ላድርግ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


መስከረም 18

ወንድሜ፣

አዎ፣ ግዛ ያልኩህ እኔ ነኝ። አልክድም፣ አንተም ስላልከው አትጸጸት።

ደብዳቤዎችህን እንደገና አነበብኳቸው፣ አሁን ሌላ ሆነው። አንድም ቦታ ቀለም የለም። ክሩ ይከረክራል፣ ገበሩ ስስ ነው፣ መኪናው ይጮኻል፣ ዘበኛው ይስላል። እጅና ጆሮ ብቻ። የበሩ ነገር ሲደርሰኝ እንዲያውም ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አንብቤላቸው አብረን ሳቅን። ሰው የሚያነብበት ዓይን እያለው እንዲህ ይታወራል?

ለምን እንደደበቁን የምትጠይቀኝ እኔን አይደለም። መኪናውን ከለቀቁ በኋላ ማንም ምንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። እኛ ያን ማክሰኞ ሰጠናቸው። «አላይም» ቢሉ እሱንም እንወስድባቸው ነበር፣ አንወስድም?

አሁን አትቆጣቸው፣ ወድቀህም ይቅርታ አትጠይቃቸው፣ ይብስባቸዋል። ልብሳቸውን ሸክፈህ ከሹፌሩ ጋር ላክልኝ። እዚህ የዓይን ሐኪም አለ። ለወገብ ሐኪም ነው በላቸው፣ ግድ የለም።

እህትህ


ኅዳር 6

ወንድሜ፣

አባባ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ያለ ሰው እርዳታ ይለብሳሉ፣ ጎረቤቶቼን በእግራቸው ኮቴ ለይተዋቸዋል። «ሐኪሟ ምን አለች» ብለህ ደጋግመህ ጽፈሃል፣ እኔም ደጋግሜ ዘልዬዋለሁ። ከእንግዲህ መዝለል ነውር ነው።

አይመለስም። የዓይን ግፊት ነው ትላለች። ቀስ ብሎ ከዳር ጀምሮ ይበላል፣ አያምም፣ የበላውን አይመልስም። «መቼ ጀመራቸው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ባለመስታወቱ ዘበኛ የቀየረበትን ሰሞን፣ ቁልፍ የለወጠበትን ሰሞን ልነግራት እችል ነበር። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ራሳቸው መለሱላት። «ልጄ መኪናውን ሲረከበኝ» አሉ። «መርፌው ሁለት ሁለት እየሆነብኝ ነበር የተውኩለት።» ሐኪሟ «ያኔ ቢመጡ ኖሮ» አለችና የጀመረችውን ሳትጨርስ ወረቀቷን መጻፍ ቀጠለች።

ወገባቸው ምንም የለውም።

ወደ ቤት መመለስ አይፈልጉም። «እዚያ መንገዱን ያለ መሪ ነው የሄድኩት፣ ሰው እጄን ይዞ ሲጎትተኝ አያዩኝም» አሉኝ። ግን ማክሰኞ በደረሰ ቁጥር «ከስፌት ቤቱ ምን ወሬ አለ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ጨርቁስ ምን ሆነ? የጻፍክልኝ አልገባኝም፣ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

እህትህ


ኅዳር 29

እትዬ፣

እንዲገባሽ በግልጽ ልጻፍ። ጨርቁ በማይረባ ዋጋ ሄደ፣ ስፌት ቤቱ ተዘጋ። መኪናዎቹን ባለመስታወቱ ወሰዳቸው፣ እኔንም አብሮ። ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፣ ወይን ጠጅ ስቆርጥ እውላለሁ። ቁልፍ ሰፊዋም እዚሁ ናት፣ ዱሮም ወዳቸው ነበር። የሱቃችን በር ላይ ሰሌዳው አሁንም አለ፣ በዚያ መንገድ ግን አልሄድም።

«ሰውዬው ያስቸግርሃል ወይ» ብለሻል። አያስቸግረኝም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን ቆሞ ስቆርጥ ሲያየኝ ስለ አባባ አወራኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ መጥተው መጀመሪያ መስኮቱ ፊት ለፊት ይቆሙ ነበር አሉ፤ ልብሱን እያደነቁ ነው ብሎ ወንበር ያወጣላቸዋል። ሁልጊዜ «ሥራ እንዴት ነው?» ይሉታል። እሱም «እጅግ ጥሩ ነው አባቴ፣ መኪና ልጨምር ነው፣ የትምህርት ቤቶቹንም ውል ይዣለሁ» ይላቸዋል። «ደስ ይበልህ ልጄ» ብለው መርቀውት ይሄዳሉ።

ገባሽ? ባያዩም ሰምተዋል። ውሉን ሰምተዋል። ሰምተውም ወደ እኔ ሲመጡ «ክረምትን አይሻገርም» አሉኝ። ከቀለሙ ይልቅ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ሱቁ ደህና ይሠራል» ብለውኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። አላሳወቅኩሽም። ያን ቀን መቀሱን ወርውሬ ምሳዬን ሳልበላ ነበር የዋልኩት። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ ይዘው መጥተው አያውቁም።

ለጠየቁሽ ወሬ ከዚህ በታች የጻፍኩትን አንብቢላቸው። ሌላ አትጨምሪበት።

«ለውድ አባቴ። እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን። ሰማያዊው ጨርቅ ለፋብሪካ ሠራተኞች ቱታ ሆኖ ተሸጠ፣ እንዲያውም አነሰን። የባለመስታወቱ ስፌት አሁንም ሰፋፊ ነው፣ ከአንድ እጥበት በኋላ ይፈታል። ሰው ይገባል፣ ባዶ እጁን ይወጣል። ቁልፍ ሰፊዋ ሰላም ትላለች። ወንበርዎ በሩ ላይ እንዳለ ነው። ልጅዎ።»

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ወንድሜ፣

አነበብኩላቸው። ጨርቅ እንደሚዳስሱ ሁሉ የወረቀቱን ጠርዝ ይዘው ነው የሰሙኝ። ስጨርስ «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ለቀቁና «ባለመስታወቱ ጋ ገባ?» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ ምነው?» ስል «ተይ» አሉኝ። «ሥራ ያለው ሰው ስለ ሥራው ነው የሚጽፈው። የሰው ስፌት መንቀፍ የሚጀምረው ሌላ የሚለው ሲያጣ ነው። እኔ ስሠራበት የኖርኩትን ዘዴ መልሶ ለእኔ ይልከዋል?» ቁጣ አልነበረባቸውም። እንዲያውም ፈገግ ብለዋል። መዋሸት አቃተኝ፣ ቆራጭ እንደሆንክ ነገርኳቸው። «ቆራጭ ጥሩ ነው» አሉ። «እጁ አይንቀጠቀጥም። እዚያ ቤት ክሩን ይለውጡ በለው፣ የክሩን ነገር እውነቴን ነበር።»

እዚህ ላይ ላቁም ብዬ ነበር፣ ግን «ሁሉንም ጻፊልኝ፣ እንዳትደብቂኝ» ብለሃል።

ማታ እራት ላይ «ልጁ አሁን ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁኝ። «የማስታውሰው መኪናውን የተረከበኝ ሰሞን የነበረውን ነው፣ እሱም እየደበዘዘብኝ መጣ። ድምፁን ስሰማ ሌላ ሰው ፊት ይመጣብኛል። ጸጉሩ ሸሽቷል? ጺም አሳድጓል? እኔን ይመስላል ወይስ እናታችሁን?»

 እኔ የማውቀው መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ የሸኘኝን ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እመጣለሁ አልኩህ! የገዛ ወንድሜን በመንገድ ባገኘው እለየው እንደሆነ አላውቅም። የሆነ ነገር ልፈጥርላቸው አሰብኩ፣ ግን እሳቸውን በፈጠራ ማታለል እንደማይቻል ቀን ላይ አይቻለሁ።

ዝም ማለቴን ሲሰሙ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እየዳሰሱ እጄን አገኙት። «አንቺም ፊቱ አይታይሽም?» አሉኝ።

እባክህ ምን እንደምትመስል ጻፍልኝ። ጸጉርህን፣ ግንባርህን፣ ከስተህም እንደሆነ። ሌላ ወሬ አልፈልግም። እንዳለ ጻፈው፣ እንዳለ አነብላቸዋለሁ።

እህትህ